በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚኖሩ ጎረቤታሞችና ስለ ምስጢራቸው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር፣ ነገሩ ግን ረዘም ያለ ስለሆነ ያለ ብዙ መግቢያ እጀምራለሁ። ይህ ጉዳይ ከእኛ ከይፋግ ልጆች የራቀ የሚመስላቸው ሰዎች አይጠፉም። ነገር ግን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚላክልን ገንዘብ፣ የመታወቂያችን ቁጥር፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤታችንም ሳይቀር በኮምፒዩተር የሚቀመጥ ነው። ታዲያ ያ ኮምፒዩተር የማን ነው? ከማንስ ጋር ይኖራል? ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

ኮምፒዩተር የሚያከራይ ድርጅት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ልዩ መሣሪያ አይገዛም፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ መብራት ይፈጅበታልና። ስለዚህ አንዱን ብርቱ ኮምፒዩተር በሶፍትዌር ከፋፍሎ ለብዙ ደንበኞች ያከራየዋል። እያንዳንዱም ተከራይ ለብቻው ሙሉ ኮምፒዩተር የያዘ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው በሐሳብ የተሠራ ኮምፒዩተር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ አከፋፋዩና ጠባቂው ፕሮግራም ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች ገበያና የቀረጥ መክፈያ በር ነበረች። እስቲ በዚያ ዘመን ከየአገሩ የመጡ ነጋዴዎች አሞሌያቸውንና ቡናቸውን በአንድ መጋዘን አስቀመጡ እንበል። ክፍሎቹ በግድግዳ ተለያይተዋል፤ ነጋዴዎቹ አይተያዩም፤ ዕቃ የሚወጣው በጠባቂው እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ጠባቂው የመዝገቡን ቁጥር ከተሳሳተ፣ ግድግዳው ምንም ቢወፍር ምን ይጠቅማል?

ይህ በእውነት ደርሷል። ዜን የሚባለው ሃይፐርቫይዘር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ለሕዝብ የወጣ ሲሆን፣ አማዞን በ2006 ኮምፒዩተር ማከራየት ሲጀምር መሠረቱ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ኤክስ2ኤፒክ ለተባለው ክፍል የተመደቡ 256 መዝገቦች አሉ። ተከራዩ ከነዚህ አንዱን ላንብብ ሲል፣ በፕሮሰሰሩ ፈንታ ሆኖ የሚመልስለት ሃይፐርቫይዘሩ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የ16 ባይት ቦታ ስለሚሰጠው 256ቱ በድምሩ 4,096 ባይት ይሆናሉ፤ ይህም ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ልክ አንድ ገጽ ነው። (የሒሳብ መምህራችን ማባዛቱን ቢያረጋግጡልኝ ደስ ይለኛል።)

በፕሮግራሙ ውስጥ ግን ወሰኑ በ256 ፈንታ 1,024 ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህ ተከራዩ «ሦስት መቶኛውን አንብብልኝ» ሲል ጠባቂው «ይህ ያንተ አይደለም» በማለት ፈንታ፣ ከገጹ አልፎ በሚቀጥሉት ሦስት ገጾች ያገኘውን አንሥቶ ይሰጠው ጀመር። እነዚያም ገጾች የጎረቤቱ ወይም የሃይፐርቫይዘሩ የራሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ተከራዩ የሚያገኘውን አይመርጥም፤ የተገኘው ነገር ግን የይለፍ ቃል ቢሆንስ? አንዳንድ ጊዜም ኮምፒዩተሩ በጠቅላላው ሊቆም ይችል ነበር። የሚገርመው፣ በዚያ ባልተፈቀደ ቦታ ለመጻፍ ቢሞክር ምንም አይደርስም ነበር፤ ስሕተቱ የነበረው በማንበብ በኩል ብቻ ነው።

ንባብ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልስማማም። ሌባ የወሰደው ከብት ከበረቱ ይጎድላል፤ ባለቤቱም ጮሆ ጎረቤት ይጠራል። የተነበበ ምስጢር ግን ከቦታው አይጎድልም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ የወጣ መሆኑ የታወቀው ወረቀት ጠፍቶ አይደለም፤ ገጾቹ በማኅበራዊ መገናኛ በመታየታቸው ነው። በዚህም ምክንያት ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው መፈተን ጀመሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተፈተኑ። ምስጢሩ ከሣጥን ወጥቶ ወደ ሰርቨር ገብቷል ማለት ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም. ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ አዲስ አበባ ካለው ከአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ብሎ ጻፈ። ቻይናም ኅብረቱም ነገሩን ክደዋል። ይህ የሃይፐርቫይዘር ጉዳይ አይደለም፤ ያነሣሁት ክርክሩ ራሱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለማሳየት ነው። የጎደለ ነገር ከሌለ ምን ተቆጥሮ ይታወቃል?

ወደ ዜን ልመለስ። ስሕተቱን ያገኘው ሱሴ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ያን ቦይሊኽ ነው። ለሕዝብ ወዲያው አልተነገረም፤ አስቀድሞ ለታላላቆቹ አከራዮች በምስጢር ተነገራቸው። አማዞን ከኪራይ ኮምፒዩተሮቹ ከመቶ አሥር የማይሞሉትን አጥፍቶ እያበራ አረመ። ደንበኞቹም ምክንያቱን ሳያውቁ አጉረመረሙ። ምክንያቱ የተገለጸው መስከረም 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። በኔ አስተያየት ዝምታው ተገቢ ነበር፤ አጥሩ ሳይጠገን ቀዳዳውን በገበያ መለፈፍ ጅቡን መጥራት ነውና። ይሁን እንጂ በምስጢር ከተነገራቸው መካከል ያልነበረ ትንሽ አከራይ እስከዚያች ቀን ምንም ሳያውቅ ቆየ።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። እንግዲህ መረጃችንን የያዙልን ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩን ከማን ጋር ተጋርተው እንደሚኖሩና ጠባቂው ፕሮግራም መቼ እንደታረመ ብንጠይቃቸው ነውር አይሆንብንም።

ዜን ያለ ዋጋ የሚገኝ፣ ጽሑፉም ለማንም የተገለጠ ፕሮግራም ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን ኢንተርኔት በሚኖርበት ሰዓት ከታች ክፍል ያሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ እርማቱን ፈልገው ቢያዩት፣ ወሰኑን ከ1,024 ወደ 256 ዝቅ ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር እንደሌለበት ያገኙታል።