ወደ እንጦጦና ወደ የካ ተራራ መውጣት ስለሚገባበት ምክንያት



«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ያገራችን ምሳሌ ለገንዘብና ለወዳጅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለአገርም ይሆናል። ሰው ዘወትር በዓይኑ ፊት ያለውን ነገር ያወቀው ይመስለዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ወደ ሰሜን ቢመልስ የእንጦጦን ተራራ ያያል፤ ደመና ያረፈበት እንደ ሆነ ጃንጥላውን ይይዛል፤ ከዚህ በቀር ስለ ተራራው ሳያስብ ወደ ሥራው ይሄዳል። በከተማይቱ ተወልዶ አድጎ የተራራውን ጫፍ አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ ያረጀ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ወደዚያ መውጣት የሚገባን ስለ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

በሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ቆጵሮስ የምትባል ደሴት አለች። በመካከልዋ ትሮዶስ የሚባሉ ተራሮች ይገኛሉ። የደሴቲቱ ሰዎች ሙቀቱ በበረታ ጊዜ ወደዚያ ወጥተው በደን ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጠ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትም ስላሉ የሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው ይመጣል። የነዚያ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,952 ሜትር ነው። የእንጦጦ ጫፍ ግን ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ በመርካቶ ሱቁን ከፍቶ የሚውለው ነጋዴ እንኳ ከትሮዶስ ጫፍ ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ማለቴ ተራራን ከተራራ ለማፎካከር አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ያላቸውን አውቀው ሲጠቀሙበት እኛ በደጃችን ያለውን መዘንጋታችንን ለማሳሰብ ነው።

መጀመሪያው ምክንያት ታሪክ ነው። አዲስ አበባ የእንጦጦ ልጅ ናት። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን ያደረጉት በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ከፍታው ዙሪያውን ለመጠበቅ ስለሚመች ለጦር ሰፈር መልካም ነበር፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ ከበደ፤ እንጨቱም እየራቀ ሄደ። በኋላ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ያለውን የፍልውሃን አካባቢ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራበት፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ከተማው ቢወርድም የተራራው ክብር ወዲያው አልቀረም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነውና። ዛሬም በዚያ ያለውን ቤተ መዘክርና የንጉሡን የቀድሞ መኖሪያ የሚጎበኝ ሰው፥ የአድዋው ጌታ እንዴት ባለ ጌጥ የሌለው ቤት ይኖሩ እንደ ነበር አይቶ ይደነቃል። እዚያው አቅራቢያ ባለው በእንጦጦ ራጉኤል ደግሞ መስከረም 1 ቀን የዘመን መለወጫና የንግሥ በዓል በአንድነት ይከበራሉ።

ከዚያ የተራራውን ሰንሰለት ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከየካ ይደርሳል። ከየካ ሚካኤል በላይ በተራራው ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል፥ ካንድ አለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያገሩ ሰዎች ሥራውን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሱታል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ መሆኑን ይገምታሉ። ጣሪያው በከፊል ወድቋል፤ በክረምትም ውሃ ይተኛበታል። ቢሆንም ዓምዶቹና መስኮቶቹ የጠራቢዎቹን ትዕግሥት ይመሰክራሉ። ላሊበላ ድረስ ለመሄድ ጊዜም ገንዘብም ያጠረው የከተማ ሰው፥ የዚያን ጥበብ ወንድም በእግሩ ወጥቶ ሊያየው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የውሃ ነገር ነው። የእንጦጦ ሸንተረር እንደ ቤት ጣሪያ ውሃን ለሁለት ይከፍላል። በሰሜኑ በኩል የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብጽን አጠጥቶም ቅድም ስሟን ወዳነሳናት ደሴት ባሕር ወደ ሜዲቴራኒያን ያመራል። በደቡቡ በኩል የወረደው ግን በቀበናና በሌሎች ወንዞች ከተማችንን አቋርጦ ወደ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕርን ሳያይ በአፋር ቆላ ከአቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባንድ ሰዓት ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ለዘላለም ይለያያሉ። ልጆቻችንን ይዘን ከዚያ ሸንተረር ላይ ብናቆማቸው፥ በትምህርት ቤት ከካርታ ላይ በብዙ ድካም የሚማሩትን በአንድ ቀን ይረዱታል።

ሦስተኛው ምክንያት የዛፉ ታሪክ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ይህ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። እንጨት በመጥፋቱም ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፍለስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ መባሉም ስለዚህ ነው። ትውልዱ አውስትራልያ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ነገር ግን ይህ ባለውለታ ዛፍ ጉዳትም አለው። ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ምድሩ በተራቆተበት ቁልቁለት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በከተማው ውስጥ ያሉት ወንዞችም በድንገት ይሞላሉ። ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፥ ጐንበስ ብለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሰዋል። ከታች ያለነው እንጀራው ሲጋገር ጢሱን እንጂ ሸክሙን አናይም። መንገዱን በእግሩ የወጣ ሰው ግን የማገዶ ዋጋ በገበያ ከሚከፈለው በላይ መሆኑን ጉልበቱ ይነግረዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በባሕር ዛፉ ፋንታ ጽድን፥ ወይራን፥ ኮሶንና ሌሎችንም ያገር ዛፎች ለመመለስ ይደከማል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ስለ ተከፈተ መንገዱም ማረፊያውም ተመችቷል።

ስለ ጤናም ጥቂት ልጨምር። በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ ሰውነትም ይህን ለመቋቋም ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያበዛል። ስማቸው በዓለም የተጠራ ሯጮቻችን፥ ከነርሱም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፥ በዚህ ተራራ ላይ የተለማመዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማይን ለሚመረምሩትም ስፍራው ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ ሁለት ታላላቅ ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም በዚሁ በእንጦጦ ነው።

ለመውጣት የተሻለው ወራት ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ከሚጠራበት ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ መኪና አይታጣም፤ ጉልበት ያለው ግን በእግሩ ቢወጣ ይመረጣል። ነፋሱ ብርቱ ስለ ሆነ ጋቢ መያዝ፥ ወደ ጫካውም ብቻን አለመሄድ፥ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣም መንገዱን የሚያውቅ ያገር ሰው ማስከተል ይገባል።

እንግዲህ፥ አንባብያን ሆይ፥ ሰው ያላወቀውን አይወድም፥ ያልወደደውንም አይጠብቅም። ይህች ከተማ አንድ ጊዜ በማገዶ እጦት ልትፈታ የደረሰችው ዛፍ ሲቆረጥ ነገዬ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያት ሰው፥ ውሃዋና አፈርዋ ከተራራው ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን አይስትም። በሚመጣው የዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን አስከትላችሁ እንድትወጡ፥ ስትመለሱም ያያችሁትን ላላዩት እንድትነግሩ እያሳሰብሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።