ድሩና አንበሶቹ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ አንድ ፊልም ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ ብዙዎቻችሁም ወዳችሁታል። እኛም ስናየው ስቀናል፣ አጨብጭበናልም። ዳሩ ግን ፊልሙ አልቆ ወደየማደሪያችን ስንመለስ አንድ ጥርጣሬ ተከተለን፤ ይዘን የቀረብነውም እርሱኑ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጆስ ዊደን «አቬንጀርስ» ነው። መነሻው ስታን ሊና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመሩት የሥዕል መጽሔት ሲሆን፣ በየአገሩ ሲኒማ ቤት አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል አስገብቷል። ሎኪ የሚባል ዙፋን ያማረው ልዑል ከሌላ ዓለም ጦር አስከትቶ ኒው ዮርክን ይወጋል፤ ስድስት ኃያላንም ተሰብስበው ይመክቱታል። ከነዚህም አንዱ የብረት ልብስ የለበሰ ባለጸጋ፣ አንዱ ሰባ ዓመት ያህል በበረዶ ተቀብሮ የኖረ ወታደር፣ አንዱ መዶሻ የጨበጠ የነጎድጓድ አምላክ፣ አንዱ ሲቈጣ አረንጓዴ ግዙፍ የሚሆን ሊቅ፣ የቀሩት ሁለቱም ሰላዮች ናቸው።

የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። ኃያላኑ በአየር ላይ በሚንሳፈፈው መርከብ ውስጥ ሲነታረኩ ፊልሙ እውነተኛ ጥያቄ ይነካል። የሰበሰባቸው ድርጅት በስውር የጦር መሣሪያ ሊሠራ ማሰቡን ይደርሱበታልና፣ «ኃይል ያለውን ማን ይቈጣጠረዋል?» ያሰኛል። ነገር ግን መልሱ ሳይሰጥ ጦርነቱ ይጀመራል። አንድ ያደረጋቸውስ ምንድር ነው? አለቃቸው ኒክ ፊውሪ የሟች ባልደረባቸውን ካርዶች ደም ቀብቶ፣ ከሟቹ ኪስ እንደ ተገኙ አድርጎ ያሳያቸዋል፤ ካርዶቹ ግን የነበሩት በሣጥኑ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ኅብረታቸው በውሸት የተገዛ ነው፤ ፊልሙም ውሸቱን እንደ ብልሃት ቈጥሮ ያልፈዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። በማንሃተን ላይ የኑክሌር ሚሳይል እንዲተኰስ ያዘዘው ጠላት ሳይሆን፣ በስውር የሚመክሩ ሹማምንት ናቸው። ባለጸጋው ሚሳይሉን ተሸክሞ በሰማይ በተከፈተው በር ያሳልፈዋል፤ የጠላት መርከብ ሲፈነዳም ሠራዊቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወድቆ ይቀራል። የከተማ ሙሉ ሕዝብ ሊፈጅ የነበረው ትእዛዝ ግን ፍርድ ሳያገኝ ይታለፋል።

«ይህ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታ ፍልስፍና ለምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ሲቪል ዎር» የቍጥጥሩ ጥያቄ ተነሥቷል የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የከተማው ሕዝብ ድርሻ ነው። ሕዝቡ ይሸሻል፣ ይድናል፣ ያመሰግናል። ፖሊሱ እንኳ ወደ ሥራው የሚነሣው ካፒቴን አሜሪካ ካዘዘው በኋላ ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ኅብረትን የሰጡት ለድሩ እንጂ ለአንበሳው አይደለም። ፊልሙ ግን አንበሶች ሲያብሩ ያሳየንና ድሩን «አንተ ቁጭ ብለህ ተመልከት» ይለዋል።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። ባለፈው መንፈቀ ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ የማታ ሰዓት ባጠረ ጊዜ ሁላችን በየመኝታ ክፍላችን አጕረመረምን፤ አንድ አንደበተ ርቱዕ ጓደኛችንንም «አንተ ንገርልን» ብለን ላክነው። ብቻውን ሄደ፤ ብቻውን ቆመ፤ ብቻውን ተመለሰ። እኛም «አልቻለም» ብለን አማነው። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን አትዩ አንልም። እዩት፤ ሳቁም። ነገር ግን ለጋራ ጉዳይ ሰው ሲፈለግ ኃያል ከሰማይ እስኪወርድልን አንጠብቅ። ወረቀቱ ሲዞር ስማችንን እንጻፍ፤ ቀኑ ሲቈረጥም አብረን እንሂድ።