በውኃ አጠር አካባቢ የግቢ ሣር አተካከልና አያያዝ

(ለሰፈራ ጣቢያ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ድርጅቶች የመስክ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የግቢ ሣር ነው። እህልና መድኃኒት በሚታደልበት የሥራ መስክ ስለ ሣር መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቅንጦት ሊታያችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። እኔም የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት በመሆኑ፣ ከዚያው ከጥፋቱ ብጀምር ይሻላል።

በ1997 ዓ.ም. ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ፣ በአንድ የቆላ ሰፈራ ጣቢያ የተሠራውን አዲስ ጤና ጣቢያ ፎቶግራፍ እንዳነሣ ተልኬ ነበር። ግቢው ከከተማ በመኪና ተጭኖ በመጣ ለስላሳ ሣር ተሸፍኖ ነበር። ዘበኛው ጧትና ማታ በጎማ ያጠጣዋል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሴቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ደርድረው በአንዲት ቦኖ ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔም ወረፋው በሥዕሉ እንዳይገባ ጥቂት ወደ ግራ ፈቀቅ ብዬ አረንጓዴውን ሣርና ነጩን ሕንፃ ብቻ አነሣሁ። ሥዕሉም አምሮ ታተመ። ካሜራዬን በምከትበት ጊዜ ከወረፋው የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይኸ ሣር በቀን ስንት ጀሪካን ይጠጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በየካቲት የጉድጓዱ ውኃ ስለ ቀነሰ ሣሩን ማጠጣት ቀረ፤ መጋቢት ሳያልቅም ሣሩ ሞቶ መሬቱ ተራቆተ። በተከታዩ ክረምት ግቢውን የወረሰው ቅንጬ አረም ነበር።

የእኚያን እናት ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ በተቀመጥኩ ጊዜ ነው። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ሲፈስ 1 ሊትር ማለት ነው። በሞቃት ቆላ፣ በበጋ፣ ለስላሳ ሣር አረንጓዴነቱን ጠብቆ እንዲቆይ በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውኃ ይፈልጋል። ግቢው 25 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለትም 500 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ሣሩ በቀን 2,500 ሊትር ይጠጣል። ይህም ባለ 20 ሊትር 125 ጀሪካን ነው። ስፊር በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ መሠረት በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ሊደርሰው የሚገባው ዝቅተኛ መጠን 15 ሊትር በመሆኑ፣ ያ ግቢ የ166 ሰዎችን ድርሻ ይወስድ ነበር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ እያንዳንዱ የጣቢያ ኃላፊ በራሱ ግቢ ልክ ሊሠራው ይችላል፤ ከማባዛትና ከማካፈል በቀር ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም።

እንግዲህ ግቢውን ባዶ ብንተወውስ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ባዶ መሬትም ዕዳ አለበት። በበጋ አቧራው ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ እህል መጋዘን ይገባል። በክረምት ጎርፉ የሕንፃውን መሠረት እየቦረቦረ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ግን ያነሣሁት ቅንጬ አረም ነው። ይህ አረም ወደ አገራችን የገባው ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ብዙ ባለሙያዎች ይገምታሉ፤ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ሥፍራዎች መካከልም በድሬዳዋና በደሴ አካባቢ የሚገኙ የእርዳታ እህል ማከፋፈያዎች አጠገብ ያለው መሬት ይገኝበታል። አንዱ ተክል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ቆዳን ያሳክካል፣ አስም ያስነሣል፤ ከብት የበላው እንደሆነ ወተቱን ያመርረዋል። የሚወደውም የተራቆተና የተረገጠ መሬት ነው፤ ይኸውም የእኛን የመጋዘን ደጃፍ የመሰለ። ሣር ጥቅጥቅ ብሎ በያዘው መሬት ላይ ግን እንደ ልቡ መሠልጠን አይችልም። ስለሆነም ጥያቄው ሣር ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ሳይሆን፣ የትኛው ሣር ይተከል የሚል ነው።

አህያ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ስለ ራስ ወዳድነት ነው፤ እኔ ግን ስለ ሣሩ ስል አነሣሁት። አህያዋ ከሣር ሁሉ ሰርዶን መምረጧ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ሲረግጡት የሚበረታ፣ ሲግጡት የሚያቆጠቁጥ እርሱ ነውና። ሰርዶ በመሬት ላይ የሚሳብ ግንድ አለው፤ ከመሬት በታችም ሌላ ግንድ ይሰድዳል። በየአንጓው ሥር ያወጣል። ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ይቢጫል፣ ይደርቃል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ግንድ ግን አድፍጦ ይቆይና ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል። ሙቀት ይስማማዋል፤ በመጠኑ ጨዋማ የሆነ አፈርንም ይችላል። የማይችለው ጥላን ነው፤ በትልቅ ዛፍ ሥር ሰርዶ መትከል ድካም ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቦታ የረገፈው ቅጠል ይሸፍነው።

በደጋ፣ ዝናቡም የማይቸግር ከሆነ፣ ኪኩዩ የሚባለው ሣር ይሻላል፤ ትውልዱም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ነው። ለደረቅ ወይና ደጋና ለቆላ ግን ከሰርዶ የሚበልጥ አላውቅም። ሰንበሌጥ ለቤት ክዳን፣ አክርማ ለስፌት፣ ቄጠማም ለበዓል ጉዝጓዝ ነው፤ እያንዳንዱ ሣር የየራሱ ሥራ አለው።

አሁን ወደ አተካከሉ ልለፍ።

ጊዜው የዝናቡ መግቢያ ነው። በአብዛኛው የሰሜን፣ የመካከለኛውና የምዕራብ ክፍል ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ እንደ ቦረና ባሉ የደቡብ ቆላዎች ደግሞ ዋናው ዝናብ በሚጀምርበት በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መትከል ይገባል። ሐምሌን አሳልፎ በነሐሴ መጨረሻ የሚተክል ሰው ሣሩ ሥር ሳይሰድድ በጋ ይደርስበታል፤ ከዚያም ወደ ቦኖው መሮጡ አይቀርም። በጀት ዘገየ፣ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፣ ምርቃት ተቃረበ ተብሎ በጥር የተተከለ ሣርም ብዙ አይቻለሁ። ሣር የምርቃት ቀን አያውቅም።

መሬቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የግንባታ መኪና የተመላለሰበት ግቢ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ በዶማ መቆፈር ይኖርበታል። የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ ሚስማርና የመርፌ ስባሪ ይለቀም። በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ተዳፋቱ ነው፤ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ በሄደ ቁጥር በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ቢደረግ ውኃው ከሕንፃው ሥር አይተኛም። በተለይ መረሬ አፈር ባለበት ይህ ከተዘነጋ ክረምቱን ሙሉ ግቢው ጭቃ ይሆናል። የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከተገኘ ከላይኛው አፈር ጋር ማደባለቅ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ሰርዶ አያኮርፍም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወዲያውኑ ከመትከል ይልቅ አረሙ እስኪበቅል አንድ ሁለት ሳምንት መታገሥና ያን ኮትኩቶ ማጥፋት ያዋጣል፤ በዚያ የተቆጠበው ጊዜ ኋላ ከአረም ጋር በሚደረገው ትግል እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ተተካዩን ሰርዶ ከየት እናገኛለን? የሰርዶ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ በገበያም እንደ ልብ አይገኝም። ደግነቱ በቁራጭ ይተከላል፤ ቁራጩም በነፃ ይገኛል። በሰኔ ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ ሲያርስ የሰርዶውን ሥር እየለቀመ በድንበር ላይ ይከምረዋል። ያንን ክምር መለመን ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ አዛውንት ማሳ ሦስት ጆንያ ለመውሰድ ፈቃድ ብጠይቃቸው፣ «እኛ ሲነቅሉት ዕድሜ የሚፈጀውን እናንተ ልትተክሉት ነው?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ይሁን እንጂ ሳቃቸው ውስጥ ማስጠንቀቂያም አለ። ሰርዶ ለገበሬ ክፉ አረም ነው። ስለዚህ ከእርሻና ከጓሮ አትክልት ጋር በሚዋሰን ግቢ ፈጽሞ ድንበር ድረስ አይተከል፤ ቢያንስ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው በድንጋይ የተነጠፈ መተላለፊያ ወይም በየጊዜው የሚጠረግ ቦይ በመካከል ይተው። ሰፋሪው በስንት ድካም ያቀናውን ማሳ በእኛ ሣር ካበላሸንበት፣ ውኃውን ከመሻማት የማያንስ በደል ነው። ቁራጩ በሚሰበሰብበት ጊዜም ቅንጬ አረም ካለበት ቦታ እንዳይወሰድ፣ አፈሩም በደንብ እንዲራገፍ ያስፈልጋል።

ቁራጩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ይሁን። እርጥብ ጆንያ ውስጥ በጥላ ይቀመጥ፤ በተነቀለበት ዕለት፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ይተከል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ቁራጭ ለማገዶ ካልሆነ አይጠቅምም። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ፈር ይውጣና፣ በፈሩ ውስጥ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቁራጭ ሁለት እጁ ተቀብሮ፣ አንድ እጁ ብቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አፈር ተመልሶበት በእግር ይረገጥ። ለ500 ካሬ ሜትር ግቢ በዚህ አኳኋን ወደ 5,500 ያህል ቁራጭ ይበቃል። አቀራርቦ መትከል ሽፋኑን ያፋጥነዋል።

ከተተከለ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ዝናቡ ከሦስት ቀን በላይ ቢቋረጥ ብቻ ውኃ ያስፈልገዋል። ለዚህም እጅ የታጠበበት ወይም ዕቃ የታለቀለቀበት ውኃ ይበቃል፤ በረኪና የገባበት ግን አይሁን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ግንድ በመሬት ላይ መሳብ ሲጀምር፣ በመካከል የሚበቅለውን አረም በእጅ መንቀል ይገባል። ቅንጬ ሲሆን አበባ ሳያወጣ፣ እጅን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኖ ይነቀል። በዚህ ወቅት አረሙን የዘነጋ ጣቢያ ሣሩን እንዳጣው ይቁጠረው።

የክረምቱ ዝናብ እስኪያበቃ ድረስ ከብትና ፍየል እንዳይገባ በእሾህ አጥር መከለል ግድ ነው። ሰውንም በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፤ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በገመድና በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ለመዝጋት አትድከሙ። ለአንድ ሳምንት ሕዝቡ በየት በኩል አቋርጦ ወደ መድኃኒት ክፍሉ እንደሚሄድ፣ ወረፋውም የት እንደሚቆም ተመልከቱ፤ በዚያ በዚያ ጠጠር አንጥፋችሁ ሣሩን በቀረው ቦታ ትከሉ።

ሣሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ በማጭድ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይታጨድ። በአንድ ጊዜ ከሢሶው በላይ አለመቁረጥ ነው። መታጨዱ ወደ ላይ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ጎን እንዲዘረጋ ያስገድደዋል። የታጨደውን በተራ ለሰፋሪዎቹ ስጧቸው፤ አንድ ጥጃ ወይም አንዲት አህያ ላለው ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ግን ማጨዱን ቀነስ አድርጎ ሣሩን ረዘም እንዳለ መተው ሥሩን ከፀሐይ ይጋርድለታል።

ከዚያ በጋው ይመጣል፤ የሚያስቸግረውም ያን ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ሣሩ ይቢጫል፤ በየካቲት ገለባ ይመስላል። ጎብኚ ይመጣል፤ አለቃ ይቆጣል፤ ዘበኛው ጎማውን ያነሣል። እባካችሁ አታጠጡት! በመጀመሪያው ክረምት በደንብ ሥር የሰደደ ሰርዶ አልሞተም። የተጠራጠረ ሰው አንድ ቦታ በጣቱ ቆፍሮ ግንዱን ይጨቁነው፤ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ለአለቃም ይህንኑ ማሳየት ነው። እኔ በበኩሌ አሁን ለኅትመት የሚሆን ፎቶግራፍ ሳነሣ፣ ቢጫው ሣርና ቦኖው አንድ ላይ የሚታዩበትን ቦታ መርጬ እቆማለሁ።

ግቢያችሁ ገደላማ ከሆነ ሰርዶ ብቻውን ጎርፉን ላይገታው ይችላል። በዚያ ላይ ቬቲቨር የተባለውን ሣር በተዳፋቱ አግድም፣ በ10 ወይም በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር መትከል ይቻላል። ሥሩ ወደ ታች በጥልቀት ስለሚሄድና እንደ ሰርዶ ስለማይስፋፋ ማሳ አጠገብ ቢሆንም አያሰጋም። ስለ እርሱ ከእኔ ይልቅ የእርሻ ባለሙያዎቻችሁ የበለጠ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

የንግግሬ ጊዜ አብቅቷል። ከመጋዘኑ ጀርባ በእርጥብ ጆንያ የተቀመጡ ቁራጮች አሉ፤ ትናንት ማታ የተነቀሉ ስለሆኑ ከቀትር በፊት መተከል አለባቸው። ዶማዎቹ ከበሩ አጠገብ ናቸው፤ ጥያቄ ያለው ሰው እዚያው ፈሩ ላይ ሆኖ ይጠይቀኝ።