«ለተሻለ ሕክምና»

የዛሬ ባለጋዋኖች፣ የጤና ሙያ ተመራቂዎች፤ ጉዳዬ አንዲት ወረቀት ናት፤ በሽተኛን ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው የምታስተላልፍ ሪፈር ወረቀት። የሕክምናን ደኅንነት ለሐኪሙ፣ ፍትሑን ለመንግሥት ትተን ሁለቱን ለያይተን ማየት ለምዶብናል። እኔ ግን አብረው የሚቆሙትም አብረው የሚወድቁትም በዚች ወረቀት ላይ ነው ባይ ነኝ።

በሀብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ አስፋልት ዳር የሚኖር ሰው መኪና ካገኘ ወደ ሰሜን መርሳና ወልድያ፣ ወደ ደቡብ ደሴ ይደርሳል። ከአስፋልቱ ራቅ ባሉት የሀብሩ ቀበሌዎች ያለች ነፍሰ ጡር ግን መንገዷ በቃሬዛ ይጀምራል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከተገኘ አምቡላንስ፣ ከዚያ ሆስፒታል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚቀባበሏት እጆች ይበዛሉ፤ እጅ ሲበዛ ደግሞ መሐል ላይ የሚጠፋ ነገር አለ። እስቲ አስቡት፦ ደም ግፊቷ አሻቅቦ እንዳያንቀጠቅጣት ጤና ጣቢያው ማግኒዚየም ሰልፌት ወጋት። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ግን «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ነው። ተቀባዩ መወጋቷን ካላወቀ ሊደግማት ይችላል፤ መጠኑ ሲያልፍ መጀመሪያ ጉልበቷ መታ ሲደረግ እግሯ መፈናጠሩን ይተዋል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ ይደክማል። ሳትወጋ ተወግታለች ብሎ ከገመተ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቀድመዋል። መድኃኒቱ ትክክል ነው፣ ባለሙያዎቹም የተማሩ ናቸው፤ የጎደለው የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት የሰፈረበት አንድ መስመር ነው። (ሰዓቱንም በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ግለጹ እንጂ! በ3 ሰዓትና በ9 ሰዓት መካከል ሰው ይሞታል።)

ወረቀቷ የፍትሕም ጉዳይ ናት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ በአቅራቢያችን ያለው ተሁለደሬ ነበር። መድኑ አባሉን ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። በወጉ ያልተሞላ ወረቀት ለባለገንዘቡ ብስጭት ነው፤ ገበሬውን ግን በግ፣ ሲብስም በሬ ያሸጠዋል።

«ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቆ፣ መድኃኒት ጠፍቶ፣ ደመወዛችን ወሩን ሳይዘልቅ ስለ ወረቀት ታወራብናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. መባቻ በነበረው ጦርነት የወልድያም የደሴም ሆስፒታል ተዘርፏል፤ መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አይሄድም። አልጋና መሣሪያ ማሟላት የእናንተ ዕዳ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሌላ አካል ነው፣ ጠይቁትም። ነገር ግን ቁጥሩን እዩ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ፤ የ2008ቱ 412 አለ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ1992 ከመቶ 5 ነበሩ፣ በ2011 ወደ 48 ደረሱ። ድሮ ጭንቃችን እናቶች ይመጡ ይሆን ወይ ነበር። አሁን እየመጡልን ነው፤ ስለዚህ ቤቷ ትሞት የነበረችው ዛሬ በእኛ ቅብብል መሐል ትሞታለች ወይም ትድናለች። ሥራ በዝቷል የሚለው ምክንያት እንግዲህ ወረቀቷን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርጋት እንጂ የሚያስቀራት አይደለም።

ሆስፒታል የምትመደቡ ደግሞ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ከመናቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ምን እንዳገኛችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ ጽፋችሁ መልሱለት። የላካት እናት ትዳን አትዳን ሳያውቅ ቀጣይዋን የሚልክ ሰው ከምን ይማር? ጽሕፈታችሁም፣ እባካችሁ፣ የሚነበብ ይሁን።