የነዳጅ ዋጋ ሲንር እበቱ ወዴት ይሂድ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የገበያ ጉዳይ ነው። ዛሬ የሚቀርበው ከሦስቱም ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ በስብሰባ አጀንዳ ላይ እምብዛም የማይያዝ ጉዳይ ነው። እሱም የምድጃው ጉዳይ ነው። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ምን ያነዳል? በምንስ ያበራል? ይህ ለውጥ ማሳውን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ዋጋው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች የምታስገባ አገር ናት። በመሆኑም የዓለም ገበያ ሲንር ወይም የብር የምንዛሪ ዋጋ ሲወርድ ውጤቱ ገጠር ጎጆ ድረስ ይዘልቃል። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ሲያነሳ የነጭ ጋዝ ዋጋ በአንድ ጊዜ መናሩን ነባር አባላት ያስታውሱታል። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ዳግም በድጎማ ተይዞ ቆይቶ፣ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተደረገ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በወጣው ተመን አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው ተመን 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ቤንዚንም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ከ47 ብር ከ83 ሳንቲም ተነስቶ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ሌላም ጭማሪ ተከትሏል።

በሳምንት ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ ለኩራዝ የሚጠቀም ቤተሰብ በዓመት 26 ሊትር ይጨርሳል። ወጪው በመጀመሪያው ተመን 1,275 ብር ገደማ ሲሆን በሁለተኛው 2,573 ብር ይሆናል። በበጋ መስኖ 100 ሊትር ቤንዚን በውኃ ፓምፕ የሚያቃጥል አርሶ አደር ደግሞ ወጪው ከ4,783 ብር ወደ 10,147 ብር ያድግበታል። ይህ እንግዲህ የማደያ ዋጋ ነው። ገጠር ደርሶ በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ ሲቸረቸር ምን ያህል እንደሚጨመርበት ገዢው ያውቀዋል።

ቁልቁለቱና ዳገቱ

ነዳጅ ተወደደ ተብሎ እንጀራ ሳይጋገር አይታደርም። ቤተሰቡ ሌላ የኃይል ምንጭ መፈለጉ አይቀርም። የሚፈልግበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንዱ ቁልቁለት ነው፤ በእጅ ወዳለው ወደ ኩበት፣ ወደ አገዳና ወደ ቁጥቋጦ መውረድ ነው። ሌላው ዳገት ነው፤ ወደ ተሻሻለ ምድጃ፣ ወደ ባዮጋዝና ወደ ፀሐይ ኃይል መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው የሚሄደው በዚያ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው ከተማው ነው። የከተማ ቤተሰብ በነጭ ጋዝ ምድጃ ማብሰሉን ሲተው ወደ ከሰል፣ ወደ ማገዶና ወደ ኩበት ይዞራል። በዚህ ጊዜ የማገዶ ዋጋ ስለሚጨምር ገጠሬው ለራሱ ከማንደድ አልፎ ለመሸጥ ይነሳሳል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ፣ ኩበት ለገበያ መቅረቡ የቆየ ልማድ ነው። ደን በተመናመነበት፣ ብርዱም በሚበረታበት አገር ኩበት ለሻጩ የዕለት ገንዘብ፣ ለገዢው የዕለት እሳት ነው።

ኩበት የሚሸጥ ሰው የእበትን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ለጨው፣ ለዘይትና ለልጆች ደብተር ገንዘቡ የሚፈለገው ዛሬ ነው፤ ማሳው የሚከፍለው ግን በሚቀጥለው መኸር ነው። ስለዚህ ወቀሳ ከማብዛት ሒሳቡን አስቦ ማሳየት ይሻላል።

አንድ ኩንታል ደረቅ ኩበት በውስጡ 1.5 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለው። በዓመት 10 ኩንታል ኩበት የሚያነድ ወይም የሚሸጥ ቤተሰብ 15 ኪሎ ናይትሮጅን ከማሳው አወጣ ማለት ነው። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን በመሆኑ፣ ይህ 33 ኪሎ ግራም ገደማ ዩሪያ ያህላል። የ50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሽና ጥቂት ፎስፈረስ ነው። ከዚህም በላይ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ በከረጢት ተገዝቶ አይመጣም። ያው ቤተሰብ ክረምት ሲገባ ማዳበሪያ በብድር ለመውሰድ ይሰለፋል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አማራጮቹ፣ ከነጥቅማቸውና ከነገደባቸው

አማራጭ የኃይል ምንጭ ሲባል አንዱ ብቻውን ሁሉንም አይሠራም። እያንዳንዱ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ. ምርት ምድጃ። በገጠር ቤተሰብ ለምግብ ማብሰያ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው የሚያልቀው በእንጀራ ጋገራ ነው። በሦስት ጉልቻ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በጎን ይባክናል፤ ጭሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በሲሚንቶ ተቀርጾ የሚሠራው ምርት ምድጃ በአግባቡ ሲገጠም ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምጣዱ በልኩ ካልተቀመጠና መገጣጠሚያው በጭቃ ካልተደፈነ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። በወጪ ረገድ ከሁሉም ቀላሉ እርምጃ ይህ ስለሆነ መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል።

2ኛ. ባዮጋዝ። እበት ከተመጣጣኝ ውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል። የባዮጋዝ ትልቁ ቁም ነገር እበቱ ለእሳትም ለማሳም መሆኑ ነው። እንደ ጋዝ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦኑ ሲሆን ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩም ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ለመገንባት አቅዶ 8,000 ያህል ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ገደቡም መነገር አለበት። ቤተሰቡ አራት ያህል ከብት በግቢው የሚያሳድር፣ ውኃም በቅርብ የሚያገኝ መሆን አለበት። በብርዳማ ደጋ እበቱ ቀስ ብሎ ስለሚብላላ ጋዙ ይቀንሳል። ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፣ መብራትም ይሰጣል፤ ለእንጀራ ጋገራ ግን በአብዛኛው አይበቃም። ከምርት ምድጃ ጋር ተጣምሮ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። ከተገነቡት ማብላያዎች አገልግሎት ያቋረጡ አሉ፤ ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ የመለዋወጫ፣ የጥገናና የውኃ እጦት ናቸው።

3ኛ. የፀሐይ ኃይል። ኩራዝን ለመተካት አንድ ትንሽ የፀሐይ መብራት ይበቃል። ልጆች ያለጭስ ያጠናሉ፣ ስልክም ይሞላል፣ በኩራዝ ሳቢያ የሚነሳ የእሳት አደጋም ይቀራል። በመስኖ በኩል የፀሐይ ፓምፕ የመግዣ ዋጋው ከቤንዚን ፓምፕ ይበልጣል፤ ከተገዛ በኋላ ግን ነዳጅ አይጠይቅም። የዚህ ዘርፍ ጠንቅ ጥራት የሌለው ዕቃ ነው። ዋስትና የሌለው መብራት ገዝቶ ባትሪው በወራት ውስጥ የሞተበት ሰው ወደ ኩራዙ ይመለሳል፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃል።

4ኛ. ኤሌክትሪክ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። መስመር በገባባቸው ቀበሌዎች ኤሌክትሪክ ለመብራት፣ ለወፍጮና ለምጣድ ይውላል። መስመሩ እስኪደርስ ለሚጠብቀው ጎጆ ግን ከላይ የተጠቀሱት አማራጮች የዛሬ መልስ ናቸው።

5ኛ. ለማገዶ የሚሆን ዛፍ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር መግባቱ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃልሏል። ዛሬም እበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ ምትክ ማገዶ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፉ ቦታ ግን ለእርሻ የማይሆን መሬት እንጂ የገብስና የባቄላ ማሳ ዳር አይደለም። በደጋ ለከብት መኖም ለማገዶም የሚሆነው ትሪ ሉሰርን በጓሮና በእርከን ላይ ቢተከል ይመረጣል።

ከዩኒየኑ ምን ይጠበቃል

የተከበራችሁ የጉባዔው ተሳታፊዎች፤

ዳገቱን አንድ አርሶ አደር ብቻውን አይወጣውም። ችግሩ በአብዛኛው የዕውቀት ሳይሆን ገንዘቡ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ነጭ ጋዝ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ የፀሐይ መብራት ወይም ማብላያ ግን ሙሉ ዋጋውን በአንድ ቀን ይጠይቃል። ይህን ክፍተት መድፈን የሚችለው ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ማዳበሪያ በብድር ተወስዶ በመኸር እንደሚመለስ ሁሉ የምድጃ፣ የመብራትና የፓምፕ ብድርም ምርት በሚሸጥበት ወቅት ወይም ከትርፍ ድርሻ ላይ እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥገና ነው። ዩኒየኑ በጅምላ ሲገዛ የጽሑፍ ዋስትና ይጠይቅ፤ መለዋወጫም በግብዓት መጋዘኑ ይኑር። በየመሠረታዊ ማኅበሩ ከአባላት ልጆች መካከል አንድ ወጣት በጥገና ቢሠለጥን ለወጣቱም ሥራ፣ ለአባላቱም መተማመኛ ነው። ጠጋኝ የሌለው ዕቃ ከማከፋፈል አለማከፋፈል ይሻላል።

ሦስተኛውና መረሳት የሌለበት፣ ማገዶ ለቅማ፣ ኩበት ጠፍጥፋና ጭስ ታጥና የምትኖረው ሴቷ መሆኗ ነው። የትኛው ምድጃ ይገዛ፣ ብድሩስ በማን ስም ይያዝ ሲባል እሷ ያልተቀመጠችበት ስብሰባ ትክክለኛውን ውሳኔ ለማግኘት ይቸገራል።

የነዳጅ ዋጋ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው ከቀበሌው ርቆ ነው። እበቱ ወደ ምድጃ ይሂድ ወይስ ወደ ማሳ የሚለው ግን እዚሁ ግቢ ውስጥ ይወሰናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ቤተሰብ የከበደው ወጪ በማኅበር ሲከፋፈል ይቀላል። የሚቀጥለው ዓመት የሥራ ዕቅድ ሲዘጋጅ ከማዳበሪያው ረድፍ ቀጥሎ ለምድጃው አንድ ረድፍ ይያዝ።

መልካም በዓል! መልካም የምርት ዘመን!