በመስከረም ፎቶግራፍ ስናነሣ ያየነው
(በተማሪዎች የፎቶግራፍ ትርዒት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ያነሣነው አምስት ተማሪዎች ነን። ከአምስታችን ፎቶግራፍ ማንሣትን በትምህርት የተማረ አንድም የለም። አንድ የተዋስነውን ካሜራና የየኪሳችንን ስልክ ይዘን በ2017 ዓ.ም. መስከረም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጦጦ ጋራ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ተመላለስን። እንድንናገር ስንጠየቅ ስለ መሣሪያው ጥቂት ብለን ለመውረድ አስበን ነበር፤ ነገር ግን ልንገልጽላችሁ የሚገባን ሌላ ጉዳይ ስላለ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

አስቀድመን ስለ ወራቱ ስም። የትርዒቱ ማስታወቂያ «የጸደይ ሥዕሎች» ይላል። ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን አይተው ፈገግ ማለታቸውን ሰምተናል፤ እውነታቸውን ነው። በሊቃውንቱ አቈጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ እስከ መስከረም 25 ድረስማ ገና ክረምት ነው። ሕዝቡ ግን ዐደይ ስትፈነዳ ጸደይ ገባ ይላል፤ እኛም ከሕዝቡ ጋር ሆነናል። ቢሆንም መስከረምን ከክረምት የቈጠሩት ሊቃውንት ጭቃውን ሳያዩት እንዳልቀሩ ጫማችን ይመሰክራል።

መስከረም 4 ቀን እንጦጦ የደረስነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ተኝተን አርፍደን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በመስከረም ቀትር ፀሐይ አናት ላይ ለመቆም ጥቂት ነው የሚቀራት፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይወድቃል። እኛ ግን ብርሃን በበዛ ቍጥር ሥዕል የሚያምር መስሎን ያለ ዕረፍት ስናነሣ ዋልን። ማታ በኮምፒዩተር ስንመለከተው ጋራው የእንቍላል አስኳል የፈሰሰበት ሆኖ አገኘነው። አበባው ቅጠል የለው፤ ቅጠሉ ጅማት የለው፤ ሁሉም አንድ ቢጫ ነው።

ምክንያቱን ቈይተን ተረዳነው። ካሜራ በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይለካል። የባሕር ዛፉን ጥላና ጥቍሩን አረንጓዴ አይቶ ቦታው ጨለማ ነው ብሎ ይፈርድና ብርሃን ይጨምራል። ቢጫ ደግሞ ለካሜራው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን አንድ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሞልተው ሲፈስሱ የአበባው መልክ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከሚፈልገው ብርሃን ግማሹን እየቀነስን ማንሣት ጀመርን። ደግሞም በማለዳ ተነሣን። በኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቈይም፤ ቍርስ በልቶ ለሚመጣ አይጠብቅም።

ቀርበን ስናነሣ ያየነውን የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ያውቁታል፤ ለእኛ ግን አዲስ ነበር። አንዲት አበባ የምንላት ዐደይ የብዙ ትንንሽ አበቦች ጉባኤ ናት። መካከልዋ ላይ ነጠብጣብ የሚመስለው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ዐደይ የምንለውም አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ዶክተር መስፍን ታደሰ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኘው የዐደይ ወገን ያጠኑት ጽሑፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ኡፕሳላ ላይ ታትሟል። ልጅ ሆነን እቅፍ ሙሉ ስንቀጥፍ ይህን የነገረን አልነበረም።

ስለ መስቀል ወፍም አንድ ነገር እንበል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል፤ ወፉ ግን የትም አልሄደም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች አንዱ፣ ቀይና ጥቍር የለበሰው፣ የመራቢያ ጊዜው ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጥ መለየት ያስቸግራል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ሆኖ እኛ ጠፋ እንለዋለን።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመጣለን። ከመግቢያው በስተቀኝ ሦስተኛ የተሰቀለውን ሥዕል ብዙዎቻችሁ እንደወደዳችሁት ነግራችሁናል፤ ጤዛ ያረገዘች አንዲት ዐደይ፣ ከኋላዋም ጭጋግ የለበሰ ሜዳ። መስከረም 11 ቀን ማለዳ ሱሉልታ ላይ ያነሣናት ናት። እርስዋን ለማግኘት አምስታችንም በደረታችን ተኝተን በሣሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስንሳብ ቈየን። አጥር ስለሌለው ባለቤት የሌለው ሜዳ መስሎን ነበር።

ቀና ስንል አንዲት እናት በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩናል። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቅ ተረጐመልን። «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉ። አበባ እያነሣን ነው አልናቸው። «ኬሎውን ውሰዱት፤ ኬሎ የእግዜር ነው። ሣሩ ግን የኔ ነው» አሉን። ዐደይን ኬሎ ይሏታል። በኅዳር አጭደው ድርቆሽ አድርገው የሚሸጡት እርሱን መሆኑን፣ እርጥብ ሳለ የተኛ ሣር ከሥሩ እንደሚበሰብስና ማጭድም እንደማይዘው አስረዱን። ዘወር ብለን ብናይ የተኛንበት ቦታ ከብት ያደረበት ይመስላል። ገንዘብ ብናወጣ «ተማሪዎች አይደላችሁም? ለመመለሻችሁ ያዙት፤ ስትወጡ ግን በዳር በዳሩ ሂዱ» አሉና ተመለሱ።

ሥዕሉን ማታ ስንከፍተው በግራ በኩል ከታች የተረገጠው ሣር ገብቶበት ነበር። ቈረጥነው። ከአምስታችን አንድ እንኳ የተቃወመ አልነበረም፤ እንዲያውም ሳንነጋገር ነው የቈረጥነው። እናንተ ያያችኋት የተቈረጠችውን ነው።

በኅዳር ሥዕሏን አሳትመን ወሰድንላቸው። እማማ ከልጃቸው ጋር እያጨዱ ነበር። የኛ ቦታ እንደተኛ ቀርቷል፤ በዙሪያው ታጭዶ እርሱ ብቻ ጠቍሮ ተጋድሟል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድርቆሽ ተሸከምን፤ አያያዛችንን አይቶ ልጃቸው ሲስቅ ዋለ። ከዚያ ሥዕሏን ሰጠናቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉና ብዙ አዩዋት። «ኬሎውንስ በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ቤቴን ለምን አላነሣችሁትም?» አሉን።

ፈቃዳቸውን ጠይቀን በቤታቸው ፊት ከድርቆሹ ክምር አጠገብ አነሣናቸው። ይህችንና ያልተቈረጠችውን ዐደይ ትናንት ማታ በመውጫው በር አጠገብ ስለሰቀልናቸው በታደላችሁ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በሥዕሉ ላይ ከቤቱ ግማሹን ክምሩ ጋርዶታል፤ እማማ ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉን አናውቅም። በሚመጣው ቅዳሜ ይዘንላቸው እንሄዳለን፤ በዳር በዳሩ።