«ፈረሴ ደከመብኝ» ሲባል ምርመራው ከየት ይጀምራል?



ባለጋሪ ወደ ክሊኒካችን መጥቶ «ዶክተር፣ ፈረሴ ደከመብኝ» ሲል የሚነግረን በሽታ ሳይሆን ትዝብቱን ነው። «ድካም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። በእርግጥ ኃይል ያነሰው ፈረስ አለ፤ ሕመም ስላለበት መራመድ የማይሻ አለ፤ ትኩሳት ያፈዘዘውም አለ። እነዚህን ሳንለይ የምንሰጠው ሕክምና ግምት ነው።

ስለዚህ መርፌ ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ። በድንገት ጀመረው ወይስ ቀስ በቀስ? ገና ጠዋት ሲጠመድ ይደክማል ወይስ እኩለ ቀን ላይ? ምን ይበላል? በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣል? የዕለት ጉርሱ በዚያ ፈረስ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ስለ ሥራ ሰዓት ሲጠየቅ የተወቀሰ ሊመስለው ስለሚችል፣ አነጋገራችን ይህን ያገናዘበ ይሁን። አለንጋ የሚበዛው ከክፋት ይልቅ «ፈረሱ ሰነፈ» ከሚል እምነት መሆኑን ደጋግሜ ታዝቤአለሁ።

ቀጥሎ ፈረሱን ጥላ ሥር አሳርፈን እንለካ። ያረፈ ጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የልቡ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ከጋሪ እንደተፈታ የተወሰደ ልኬት ግን ያሳስታል። የገረጣ ድድ የደም ማነስን ያስጠረጥራል፤ ቢጫ ድድ ደግሞ በመዥገር የሚተላለፉ የደም ጥገኞችን ወይም የጉበት ጉዳትን። ይሁንና ለጥቂት ቀናት ምግብ ያቋረጠ ፈረስም ድዱ ቢጫ ሊሆን ስለሚችል አትቸኩሉ። ትኩሳት ካለውና ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ካበጠ ግን የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ጠርጥሩ፤ ለይታችሁ አቆዩት፣ ወዲያው ሪፖርት አድርጉ።

ብዙዎቻችን ቸል የምንለው ሕመምን ነው። አንድ እግሩን ያመመው ፈረስ ያነክሳል። ሁለቱም የፊት ኮቴዎቹ እኩል ካመሙት ግን ማነከሱ አይታይም፤ እርምጃው ብቻ ያጥራል፣ አስፋልት ላይ ይለግማል። ባለቤቱ ይህን ድካም ይለዋል። ኮቴውን፣ ጀርባውንና ልጓሙ የሚያርፍበትን የአፉን ጥግ ሳይፈትሹ ፈረሱን ማሰናበት አይገባም።

ከመኖው መካከል ፉርሽካ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሆድ ይሞላል፣ ፈረሱም ይወደዋል፤ ነገር ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። በፉርሽካ ላይ ብቻ ለወራት የቆየ ፈረስ ካልሲየምን ከራሱ አጥንት ይስባል፤ ውጤቱም መገጣጠሚያ የሚያም፣ እግር እየቀያየረ የሚያነክስ፣ ሲብስም የፊቱ አጥንት የሚያብጥ ፈረስ ነው። ደግሞም ጥርሱን እዩ። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ የመንጋጋ ጥርሶቹ ጠርዝ እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ያቆስላል። የተላመጠ ድርቆሽ ከአፉ የሚጥል ፈረስ በጥሩ መኖ መካከልም ይከሳል።

እኩለ ቀን ላይ የሚዝለውን ፈረስ በተመለከተ የምጠረጥረው ውኃና ጨው ነው። የፈረስ ላብ እጅግ ጨዋማ ስለሆነ ፈረሱ ብዙ ፈሳሽ አጥቶም የሚገባውን ያህል ላይጠማ ይችላል። ስለዚህ «ውኃ አቀረብኩለት፣ እምቢ አለ» የሚለው መልስ ጉዳዩን አይዘጋም።

በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ለእርባታ የሚውል ፈረስ እየበላ ከከሳና የኋላ እግሮቹ ከደከሙ፣ በግንኙነት የሚተላለፈውን ዱሪንን አትርሱ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ምክንያቱ ካልታወቀ ቪታሚንና አንቲባዮቲክ ደራርቦ መውጋት መፍትሔ አይመስለኝም። የደምና የፋንድያ ናሙና ይወሰድ፤ የደረቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ይመዝገብ፤ ባለቤቱ የሚችለውን ያህል ፈረሱን ያሳርፍ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜትር እንደገና ይለካ።